አያትዎ ምን ይሠሩ ነበር?

የትውልድ ሐረግ መቁጠር ቀድሞ የሽማግሌዎች ጨዋታ ነበር። ዛሬ ግን ወጣቱም ገብቶበታል። ከአያት ሣጥን የወጣውን የጉልት ወረቀት፣ በዳዊት መጽሐፍ ባዶ ቅጠል ላይ የተጻፈውን የልደት ቀን፣ ማኅተም ያረፈበትን የድሮ ደብዳቤና የፍርድ ቤት ውሳኔ በስልኩ ፎቶግራፍ እያነሣ ለዘመድ ይልካል። ዋሽንግተን ያለው ለአዲስ አበባው፣ የአዲስ አበባው ለደብረ ታቦሩ እየጻፈ፣ የቤተ ዘመዱን ታሪክ በመጽሐፍ እስከ ማሳተም የደረሰም አለ። ነገሩ ደግ ነው፤ እኛም እንዲበረታ እንወዳለን። ይሁን እንጂ ወረቀቱ ተገኝቶ ስሙ ከተነበበ በኋላ የሚመጣ አንድ ችግር ስላለ፣ ዛሬ ስለዚያ ጥቂት ለመናገር አስበናል።

ስምና የአባት ስም ለማንበብ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከስሙ በፊት ወይም ከስሙ በኋላ የምትገባው አንዲት ቃል ናት። በጅሮንድ እገሌ፣ ባልደራስ እገሌ፣ ጭቃ ሹም እገሌ፣ እገሌ ቁም ጸሐፊ፣ እገሌ ጠይብ፣ የእገሌ ገባር፣ የእገሌ አሽከር ይላል። ይህች ቃል የሰውየው ሥራ ናት፤ ሰውየው በምን እንጀራ እንዳደሩ የምትነግረን እርስዋ ብቻ ናት። አንባቢው ግን ብዙ ጊዜ ቃሊቱን በዛሬ ጆሮው ይሰማታል። ትልቅ መስላ ከታየችው አያቱን መስፍን ያደርግባታል፤ ትንሽ መስላ ከታየችው ደግሞ ሲገለብጥ ዘልሎ ያልፋታል። በዚህም በዚያም ሰውየው ይጠፋሉ።

የድሮ የሥራ ስም የት አገር ተጻፈ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ተጻፈ፣ ባለ ሥራውስ ከማን እየበላ ለማን ይሠራ ነበር ተብሎ ካልተጠየቀ በቀር ብቻውን ምንም አይናገርም። ለዚህ ከሁሉ የበለጠ ምስክር «ገባር» የሚለው ቃል ነው።

ገባር ማለት በፊደሉ ግብር የሚከፍል ማለት ነው። በጎጃም ወይም በጎንደር አገር በተጻፈ የቆየ ሰነድ ላይ አንድ ሰው ገባር ተብሎ ቢገኝ፣ ያ ሰው ባለ ርስት ነው። መሬቱ ከአባት ከእናቱ የመጣ፣ ማንም በቀላሉ የማይነቅለው፣ ከምርቱ ለጉልተኛው ወይም ለደብሩ የታወቀውን ግብር የሚሰጥ አራሽ ነው። በመንደሩ ሸንጎ ተቀምጦ ስለ ርስቱ የሚከራከር፣ ሰባት ትውልድ ቆጥሮ ድርሻዬን ስጡኝ የሚል ሰው ነው። ድሃ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሰው ንብረት አይደለም።

ይኸው ቃል ወደ ደቡብ ወርዶ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግዛቱ ከሰፋ በኋላ በተጻፈ ወረቀት ላይ ሲገኝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ገባሩ ለነፍጠኛው የተቆጠረ ነው። ወታደሩ ደመወዝ በገንዘብ ስለማይቀበል እንደ ማዕርጉ ብዛታቸው የተወሰነ ገባሮች ይሰጡታል፤ ለዚህ አምስት፣ ለዚያ አሥር፣ ለአለቃው ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ። ገባሩ እህሉን ያመጣል፣ ማሩን ያመጣል፣ የጌታውን እርሻ ያርሳል፣ ቤቱን ይሠራል፣ አጥሩን ያጥራል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ሚስቱም ትፈጫለች። ጌታው ሲዛወር ገባሩ ለተተኪው ይተላለፋል። እንግዲህ በአንድ ቃል የሚጠሩ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በርስቱ ላይ ቆሞ የሚከራከር፣ ሁለተኛው ከነቤተ ሰቡ እንደ ደመወዝ የተቆጠረ ናቸው። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ በወጡት የመሬት ግብር አዋጆች የጉልበቱ አገልግሎት ቀርቶ ግብሩ በገንዘብ ስለ ሆነ፣ ዘመኑም ልዩነት አለው። የ1890ው ገባርና የ1940ው ገባር፣ አገሩ አንድ ቢሆን እንኳን፣ አንድ ዓይነት ኑሮ አልኖሩም።

ከዚህ የተነሣ የሰሜን ልጅ «አያቴ ገባር ነበሩ» የሚለውን ሲያነብ ያለ ምክንያት ያፍራል። የደቡብ ልጅ ደግሞ የአያቱን መከራ እንደ ተራ ግብር ከፋይነት አንብቦ ያልፋል። የሁለቱም ስሕተት አንድ ነው፤ አገሩን አልጠየቁም።

«ባላባት»ም እንደዚሁ ነው። በአንድ በኩል አባት ያለው፣ ዘሩ የታወቀ ጨዋ ሰው ማለት ሲሆን፣ በደቡብ የመሬት ወረቀቶች ላይ ግን የአገሩ ተወላጅ አለቃ ሆኖ ከመሬቱ ሲሶው የተተወለት፣ በሕዝቡና በተሾመው ገዥ መካከል የቆመ ሹም ነው። «ጉልተኛ»ም መሬቱ የእርሱ ነው ማለት አይደለም፤ ከመሬቱ ግብር የመብላት መብት ተሰጠው ማለት ነው እንጂ። አያቱ ጉልተኛ እንደ ነበሩ አንብቦ «ይህ ሁሉ ጋሻ መሬት የኛ ነበር» የሚል የልጅ ልጅ ብንሰማም አንገረም፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነውና ሐሳቡ ደስ ያሰኛል። «ጭሰኛ» ግን ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። በሰው መሬት ላይ ጎጆ ሠርቶ ጭስ የሚያጨስ፣ እንደ ውሉ እኩል ወይም ሲሶ ለባለ መሬቱ የሚሰጥ ነው። ይህ ሁሉ ስም በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከሥራ ወጥቷል። ዛሬ ሃምሳ ዓመት ያልሞላው ሰው የሚያውቀው በወሬ ብቻ ነው።

ወደ ቤተ መንግሥቱ ስንመጣ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። እዚያ ስሙ ይተልቅና ሥራው ይሰወራል። የማዕርግ ስሞቻችን አብዛኞቹ መጀመሪያ የሥራ ስም ነበሩ። ፊታውራሪ በግንባር የሚቀድመውን ጦር የሚመራ፣ ቀኛዝማችና ግራዝማች የቀኙንና የግራውን ጦር የሚያዘምቱ፣ ባላምባራስ የአምባ ጠባቂ አለቃ፣ ባልደራስ የፈረሶቹ ኃላፊ፣ በጅሮንድ የግምጃ ቤት ሹም፣ አጋፋሪ በር ላይ ቆሞ አስገቢና አስወጪ፣ ነጋድራስ የሲራራ ነጋዴዎች አለቃ ነበሩ። ሊቀ መኳስ ደግሞ በጦርነት ቀን እንደ ንጉሡ ለብሶ፣ የጠላትን ጦርና ጥይት ወደ ራሱ የሚስብ ሰው ነበር። ይህን የመሰለ አደገኛ እንጀራ በየትም አገር ብዙ አይገኝም።

ጊዜ ሲገፋ ግን ስሙ ከሥራው ተለየ። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከመድፎቹ ጋር ከታወቁት መካከል በጅሮንድ ባልቻና ሊቀ መኳስ አባተ ይገኛሉ። የግምጃ ቤት ሹም መድፍ ላይ ምን አደረሰው? የንጉሡን ልብስ የሚለብሰውስ? ሥራቸውን በማዕርጋቸው ብቻ የሚፈልግ ሰው ባልቻን ሣንቲም ሲቆጥሩ ያስባቸዋል። እንዲሁም በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ፣ ሹማምንቱ አዲሱን ሥራ የተቀበሉት አሮጌውን ስም እንደ ያዙ ነው። የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ሊቀ መኳስ ከተማ፣ የንግድና የውጭ ጉዳዩ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ የእርሻው ከንቲባ ወልደ ጻድቅ፣ የፍርዱ አፈ ንጉሥ ነሲቡ ይባሉ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ማዕርጋቸው በፊደሉ የቤተ መንግሥት ብላቴኖች አለቃ ማለት ሲሆን፣ እርሳቸው የታወቁት በደራሲነታቸውና በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸው ነው።

ስለዚህ በ1940ዎቹ በተጻፈ ወረቀት ላይ «ፊታውራሪ» የሚል ቢገኝ፣ አያት ጦር መርተዋል ብሎ ወዲያው መጻፍ አይገባም። ማዕርጉ ለወረዳ ገዥነት፣ ለረጅም አገልግሎት፣ አንዳንድ ጊዜም ለመልካም ወዳጅነት የተሰጠ ሊሆን ይችላል። በ1840 በተጻፈ ላይ ከሆነ ግን ጋሻና ጦሩ እውነተኛ ነው። በዚህ ላይ ደግሞ የፈረስ ስም አለ። አባ ዳኘው፣ አባ መላ፣ አባ ነፍሶ እንደሚባለው፣ «አባ» ተብሎ የተጻፈውን የጦር ሰው መነኩሴ ነበር ብሎ በሐረጉ ላይ የሚያገባ ሰው አይጠፋምና እንጠንቀቅ።

ከትልልቆቹ ስሞች በታች የሚገኙት የቤተ መንግሥት ሥራዎች ደግሞ በራሳቸው ታሪክ ናቸው። እልፍኝ አስከልካይ፣ ጋሻ ጃግሬ፣ ጠጅ አሳላፊ፣ ነጋሪት መቺ፣ እምቢልታ ነፊ፣ ድንኳን ተካይ። አሳላፊው ጠጁን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት በእጁ መዳፍ አፍስሶ ቀምሶ ያሳይ ነበርና፣ ሥራው መቅዳት ብቻ አልነበረም፤ መርዝ ቢኖር ቀድሞ የሚሞተው እርሱ ነው። አንዳንዱ ሥራ ከመሬት ጋር የታሰረ ስለ ነበረ የሥራው ስም በመሬቱ ላይ ይቀራል። «ግንደ በል» የተባለውን መሬት የያዘ ሰው ዘመቻ ሲሆን የመንግሥቱን ድንኳንና ስንቅ በአጋሰስ እየጫነ የመሄድ ዕዳ ነበረበት። ልጆቹ «ግንደ በል» የሚለውን በመሬት ወረቀት ላይ አይተው የቦታ ስም ይመስላቸዋል። የቦታ ስም ሳይሆን የአያታቸው ሥራ ነው።

አሁን ወደሚያመው ነገር እንግባ።

በአገራችን የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው ለብዙ ዘመን የተናቀ ነበር። ገበሬው የሚያርስበትን ማረሻ፣ የሚያጭድበትን ማጭድ፣ ወታደሩ የሚዋጋበትን ጦር፣ ለፈረሱም ልጓሙን የሚሠራው ቀጥቃጭ «ጠይብ» እየተባለ ይሰደብ፣ በዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ ይፈራ ነበር። ጠላው የሚጠመቅበትን ጋን፣ ወጡ የሚሠራበትን ድስት የምትሠራዋ ሸክላ ሠሪ፣ የክቱን ቀሚስና ኩታ የሚሠራው ሸማኔ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ ሁሉም ከዚህ ንቀት ድርሻ ነበራቸው። ነጋዴው እንኳን «መጫኛ ነካሽ» ተብሏል። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። ፍየል ቆዳ ወጥሮ የሚፍቀው ሰው ለኮርቻና ለጠፍር ቢፍቀው ተናቀ፤ ለዳዊትና ለወንጌል ቢፍቀው ግን ብራና ፋቂ ተብሎ ከቁም ጸሐፊውና ከደጓሹ ጋር በአክብሮት ተቆጠረ። ቆዳው አንድ፣ መፋቂያውም አንድ ነው።

ንቀቱ በስድብ ብቻ አልቀረም። በሰሜኑ አገር የእጅ ሠራተኛው ብዙ ጊዜ ርስት ስላልነበረው በሰው መሬት ላይ በጭሰኝነት ይኖር ነበር። የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን በጎንደር አገር አንጥረኛነትን፣ ሸክላንና ሽመናን ይዘው የኖሩት በዚህ ዓይነት ነው። በ1977ና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ከሄዱት መካከል የብዙዎቹ አያቶች ስም በጎንደር ወረቀት ላይ ከተገኘ፣ ከሥራቸው ጋር ተጣብቆ ይገኛል።

ከሁሉ የከፋው ግን የጋብቻው ነገር ነበር። ልጅ ለመዳር ሰባት ቤት ሲቆጠር፣ የሚፈለገው ዝምድና ብቻ አልነበረም። ከሰባቱ በአንዱ ላይ ቀጥቃጭ ወይም ፋቂ ቢገኝ ጋብቻው ይፈርሳል። እንግዲህ አንድ አባት ለልጁ ብሎ የገዛ አባቱን ሥራ ቢደብቅ ይፈረድበታልን? ብዙ ቤተ ሰብ እንዲህ እያደረገ ኖረ። ጠይቡ አያት «ገበሬ» ተባሉ፤ ሸማኔው «ነጋዴ» ተባሉ፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ ከሐረጉ ላይ ተነሡ። የዛሬው ወጣት በሐረጉ መካከል አንድ ትውልድ ጎድሎ ሲያገኝ፣ ወረቀቱ የተቃጠለ ይመስለዋል። ምናልባት ወረቀቱ አልተቃጠለም፤ ሰውየው ናቸው የተደበቁት።

መንግሥትም ይህን አውቆት ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፣ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ሸማኔ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ፣ የሚያርሰውን አፈር ገፊ እያሉ መስደብን ከልክለዋል፤ የሰው ሁሉ ዘሩ አዳምና ሔዋን መሆኑንም አመልክተዋል። ይህ አዋጅ ለቤተ ዘመድ ታሪክ ፈላጊ ሁለት ነገር ይጠቅመዋል። አንደኛው፣ ከዚያ ዘመን በፊት በተጻፈ ወረቀት ላይ ያለ የሥራ ስም ስድብ ሊሆን እንደሚችል ማወቁ ነው። «ጠንቋይ» ተብሎ የተጻፈው ሰው ፊደል የቆጠረ ጸሐፊ ብቻ ሊሆን ይችላል። ጠላቱ በክስ ወረቀት ላይ የሰጠውን ስም እርሱ ራሱ በማኅተሙ ላይ ካስቀረጸው ስም ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ ስድቡን የሚከለክል አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ በየአፉ ስለ ነበረ መሆኑ ነው። በአዲስ አበባ «ሠራተኛ ሠፈር» የሚባለው ቦታ ስሙን ያገኘው ከእነዚሁ የእጅ ባለሙያዎች ነው። ያን ጊዜ «ሠራተኛ» ማለት ቢሮ የሚገባ ሰው አልነበረምና።

አልፎ አልፎ ደግሞ የሕዝብ ስም ለሥራ ስም ይውላል። ዶርዜ ተብሎ የተጻፈው ሰው ሸማኔ ስለ ነበረ ይሆናል፤ ወርጂ የተባለውም ነጋዴ ስለ ነበረ። ሰውየው በእውነት ከጋሞ ደጋ መጥተው እንደ ሆነ፣ ወይም ጥበብ ስለሚሠሩ ብቻ ጎረቤት ያወጣላቸው ስም እንደ ሆነ በሌላ ማስረጃ ካልተረጋገጠ፣ ከአንዲት ቃል ተነሥቶ ትውልድ መሥራት አይቻልም።

በዚህ መካከል «ጨዋ» የሚለውን ቃል ሳናነሣ ብናልፍ ቅር ይለናል። በመካከለኛው ዘመን ታሪክ ጨዋ ማለት በየጠረፉ የሠፈረ የንጉሥ ወታደር ነው። በኋለኛው ዘመን ወረቀት ባሪያ ያልሆነ፣ ዘሩ የተመሰከረለት ሰው ነው። በካህናት አፍ ደግሞ ጨዋ ማለት ያልተማረ፣ ዜማም ቅኔም የማያውቅ ሰው ነው። ዛሬ ለልጆቻችን «ጨዋ ሁን» ስንል ከሦስቱ አንዱንም ማለታችን አይደለም። በደብር መዝገብ ላይ «ጨዋ ነው» ተብሎ የተጻፈ አያት ያለው ሰው፣ ምስጋናውን ከመቀበሉ በፊት ጸሐፊው ማን እንደ ነበረ ቢጠይቅ ይሻለዋል። «ወይዘሮ»ም ዛሬ ያገባች ሴት ሁሉ የምትጠራበት ሲሆን ቀድሞ የነገሥታትና የመሳፍንት ዘር ስም ነበረ። ቃል እንደ ሰው ይወጣል ይወርዳል።

ስለ ሴቶቹ መናገር የሚያስቸግረው ቃሉ ስለሚጠፋ እንጂ ስለሚያሳስት አይደለም። በድሮ ወረቀት ሴት የምትጻፈው ወይ ርስት ስትከራከር፣ ወይ ስትዳር፣ ወይ ስትሞት ነው። ሥራዋ አይጻፍም። ነገር ግን ጦር የሚዘምተው በእርስዋ ጫንቃ ነበር። ስንቁን ያዘጋጀችው፣ በመንገድ የፈጨችው፣ እንጀራውን የጋገረችው፣ ጠጁን የጣለችው፣ ውኃውን የቀዳችው እርስዋ ናት። በቤተ ክርስቲያን ዐቃቢት፣ በቤት ፈታይ፣ በመንደር አዋላጅ ነበረች። በመዝገብ «የጠጅ ቤት አዛዥ» የሚል ወንድ ሲገኝ፣ ጠጁን ይጥሉ የነበሩት ሴቶች ከርሱ ጀርባ ቆመዋል። አያታቸው በቤት የቀረ አንድ ጠጅ መጣያ ጋን ወይም እንዝርት ያላቸው ሰዎች፣ ያ ዕቃ ከወረቀቱ ያልተናነሰ ሰነድ መሆኑን ይወቁት።

የከበደውን ነገር ወደ ኋላ ያደረግነው ሆን ብለን ነው። «አሽከር» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። ደጃዝማች ለንጉሥ ሲጽፍ ራሱን አሽከርዎ ይላልና ቃሉ በብቻው ውርደት አይደለም። የትልቅ ሰው አሽከር መሆን ጋሻና ጠበንጃ ይዞ መከተል፣ ኋላም መሾም ነበር። ነገር ግን «የቤት ልጅ»፣ «ገረድ»፣ «አሽከር» የሚሉት ስሞች ሌላ ቃል የሚሸፍኑበት ጊዜ ነበረ። ባርነትን የሚከለክለው አዋጅ በ1916 ዓ.ም. ወጥቶ፣ ፈጽሞ የሚያጠፋው ደግሞ በ1934 ዓ.ም. ታወጀ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት በብዙ ትልልቅ ቤቶች ከሩቅ አገር የመጡ፣ ጌታቸው ባወጣላቸው ስም የሚጠሩ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ከእነዚህም ልጆች ተወልደዋል፤ ልጆቹም የቤቱ ልጆች ተብለው ያደጉ አሉ። በወረቀቱ ላይ ሌላው ሁሉ እስከ አያቱ ሲጠራ አንዱ ብቻ የአባት ስም የሌለው ሆኖ ቢገኝ፣ አንባቢው እዚያ ላይ ቆም ይበል። ይህን ማንበብ ለሁለት ወገን ያማል፤ ለገዙትም ልጆች፣ ለተሸጡትም ልጆች። ዛሬ በአንድ ገበታ የሚቀመጡ የአክስትና የአጎት ልጆች ሁለቱም ወገን ሊሆኑ ይችላሉ። እኛ እንደሚመስለን፣ ለእነዚያ ሰዎች የቀረልን ዕዳ ቢያንስ በሐረጉ ላይ ስማቸውን መጻፍ፣ ሥራቸውንም ሳይለዝብ በነበረበት ቃል ማኖር ነው።

ከውጭ ቋንቋ የመጡትን ስሞች በአጭሩ እናንሣ። «ባሻ» ከቱርክ፣ «አስካሪ» ከዐረብኛ መጥተዋል። ከኤርትራ በኩል የተገኘ ወረቀት «ሹምባሺ» ወይም «ቡሉቅ ባሺ» ቢል የጣልያን ቅኝ ጦር ማዕርግ ነው። «ባንዳ» የሚለው ደግሞ በጣልያንኛ የጭፍራ ቡድን ማለት ብቻ ሲሆን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው የወረራ ዘመን ከአገር ክዳት ጋር ተሳሰረና ዛሬ ሌላ ትርጉም የለውም። ከዚያ በፊት በተጻፈ ወረቀት ላይ ሲገኝና በ1930 በተጻፈው ላይ ሲገኝ ፍርዱ አንድ ሊሆን አይችልም። አሁንም ዓመተ ምሕረቱን እንይ።

እንግዲህ ትርጉሙ የሚገኘው ከየት ነው? ለቤተ መንግሥቱ ሥራ፣ ለመሬቱና ለግብሩ ሥርዓት ባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት «ዝክረ ነገር» እስከ ዛሬ ወደር አልተገኘለትም። በየቤተ መጻሕፍቱ ተፈልጎ ቢነበብ ብዙ ጭቅጭቅ ያሳጥራል። የብላቴን ጌታ ኅሩይ «የሕይወት ታሪክ» የተባለው መጽሐፍ የብዙ ሹማምንትን ስምና ሥራ ይዟል። ለቃላቱ የከሣቴ ብርሃን ተሰማና የደስታ ተክለ ወልድ መዛግብተ ቃላት አሉ። ወረቀቱን በራሱ ማየት የፈለገ ወደ ወመዘክርና ወደ ኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ይሂድ። የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያንም አሮጌ ወንጌል ካለው፣ በኅዳጉ ላይ የርስትና የጉልት ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አይጠፋበትም።

መጽሐፍ የማይነግረውን ግን ሽማግሌ ይነግራል። በአንድ ወረዳ ጭቃ ሹም ምን ያህል እህል ሰብስቦ ምን ያህል ለራሱ ያስቀር እንደ ነበር፣ ምስለኔው ከማን ይበላ እንደ ነበር፣ ቀላድ ጣዩ ሲመጣ ለምን በግ ይታረድለት እንደ ነበር በመጽሐፍ ተፈልጎ አይገኝም። ከ1967 በፊት ለአካለ መጠን የደረሱት ሰዎች ዛሬ ከሰባ ዓመት አልፈዋል። ሲጠየቁም «አያቴ ትልቅ ሰው ነበሩን?» ተብሎ ከሆነ መልሱ አዎን ነው፤ ማንም ሽማግሌ የጎረቤቱን ልጅ ሊያሳዝን አይወድም። «ጧት ተነሥተው ወዴት ይሄዱ ነበር? በእጃቸው ምን ይይዙ ነበር? ማን ይከፍላቸው ነበር? ዝናም ሲሆንስ?» ተብለው ሲጠየቁ ግን ወሬው ይመጣል።

የቤተ ዘመድ መጽሐፍ ለሚያሳትሙትም አንድ ቃል አለን። በአሁኑ ጊዜ የሚወጡትን ስናይ፣ አሮጌውን ቃል እያነሡ በአዲስ መለወጥ እየተለመደ ሄዷል። ጠይቡ «የብረታ ብረት ባለሙያ»፣ አሽከሩ «ረዳት»፣ ጠጅ አሳላፊው «የፕሮቶኮል ሹም» ይሆናል። ለአያት ክብር ታስቦ እንደ ተደረገ እናውቃለን። ሆኖም የሚቀጥለው ትውልድ ዋናውን ወረቀት ላያገኘው ይችላል፤ የሚቀርለት ይህ የታተመው ነው። ስለዚህ በሐረጉ ላይ ቃሉ እንደ ተጻፈ፣ ከነፊደሉ ግድፈት፣ ይግባ፤ ከበታቹም የተጻፈበት አገርና ዓመተ ምሕረት፣ ወረቀቱም ዛሬ በማን እጅ እንዳለ ይመልከት። ማብራሪያ ያስፈለገው እንደ ሆነ በኅዳጉ ሰፊ ቦታ አለው።